አጥር ጥግ ያለው ጽድ ዘመመ፤ ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

የጓሮ ጥላ (እሑድ ከሰዓት በኋላ)

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዛፎች አሉ። አንደኛው አጥሩ ጥግ የቆመ ጽድ ነው። ቤቱን ከገዛንበት ጊዜ ጀምሮ ወደ መንገዱ ዘመም ያለ ነበር፤ አሁን ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። በሥሩ ሰው ያልፋል፣ መኪና ይቆማል። ሁለተኛው ከመኝታ ቤታችን 5 ሜትር ርቆ ያለ ጃካራንዳ ነው። ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ የለመለመ፣ የልጆቼ ዥዋዥዌ የታሰረበት ዛፍ ነው፤ እሱ ምንም አያሳስበኝም። ጽዱን ለማስቆረጥ ሰው ልጠራ ነው። ከዚያ በፊት የምታውቁ ሰዎች አይታችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። አራት ፎቶ አያይዣለሁ።

ፀሐይ ወዳድ (እሑድ ከሰዓት በኋላ)

ሁለቱንም ያስቆርጧቸው። ከቤት አጠገብ ያደገ ዛፍ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። እኔ ከግቢዬ ሁሉንም አስነቅዬ ነው ያረፍኩት። የሰው ሕይወት ይበልጣል።

ባለመጋዙ (እሑድ ማታ)

ዛፍ መቁረጥና መግረዝ ከ20 ዓመት በላይ የኖርኩበት ሥራ ነው። በእጄ ከጣልኳቸው መካከል መቆረጥ ያልነበረባቸው ብዙዎች ናቸው፤ እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። ስለዚህ ቶሎ አልፈርድም።

መዝመም ብቻውን ዛፍን አያስፈርድበትም። መጠየቅ ያለበት «መቼ ዘመመ?» የሚለው ነው። ከለጋነቱ ጀምሮ ዘመም ብሎ ያደገ ዛፍ ሸክሙ ወዳለበት እያደላ ይወፍራል። ጽድና መሰሎቹ በተዘነበሉበት በኩል እንደ ድጋፍ ሆኖ የሚገፋ ጠንካራ እንጨት ይሠራሉ፤ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ደግሞ በጀርባቸው በኩል እንደ ገመድ የሚስብ እንጨት ይጨምራሉ። የእርስዎ ጽድ በፎቶ 1 ላይ ከታች ዘመም ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ ቀስ በቀስ ቀና ብሏል። ጫፉ ወደ ሰማይ ነው። ይህ ለብዙ ዓመታት ራሱን ሲያቃና የኖረ ዛፍ መልክ ነው። የሚያስፈራው እንደ ተገፋ ምሰሶ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይታጠፍ የዘመመ፣ አምና ያልነበረ ዝማሜ ነው።

እስኪ ይህን ይዩልኝ። ከዘመመበት ተቃራኒ በኩል አፈሩ ተነስቷል? ተሰንጥቋል? በግንዱና በአፈሩ መካከል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል? ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ቀን ሰውም መኪናም ከሥሩ ይራቅ። ከሌለ ቱምቢ ይስቀሉ። ግንዱ ላይ ከፍ ካለ ቦታ ገመዱን አስረው፣ ቱምቢው መሬት ሊነካ ሲል ከሚያመለክተው ነጥብ ላይ ችካል ይምቱ። በየወሩ፣ በተለይም ከከባድ ዝናብና ነፋስ በኋላ ይመልከቱት። አፈር ውሃ ሲጠግብ ሥርን አጥብቆ መያዝ ስለሚያቅተው ዛፍ ተነቅሎ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ቱምቢው ከችካሉ ካልሸሸ ዛፉ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አሁን ደግሞ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፎቶ 3 ላይ ከዥዋዥዌው ጀርባ፣ ከጃካራንዳው ግርጌ፣ ሣሩ ውስጥ ቡናማ ነገር ይታየኛል። ድንጋይ ነው ወይስ እንጉዳይ? እባክዎ ቀርበው አይተው ይንገሩኝ። እስከዚያው ልጆቹ ዥዋዥዌው ላይ አይውጡ።

የጓሮ ጥላ (ሰኞ ጠዋት)

እስኪነጋ አልጠበቅኩም፤ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ድንጋይ አይደለም። ከግንዱ ጋር የተጣበቀ፣ እንደ መደርደሪያ ወደ ውጭ የወጣ፣ ከመዳፌ የሚሰፋ እንጉዳይ ነው። ጀርባው ቡናማና እንደ እንጨት የደረቀ ሲሆን ጠርዙና ሆዱ ነጭ ነው። ሆዱን በጥፍሬ ስጭረው ጭረቱ ወዲያው ቡናማ ሆነ። ጀርባውና ዙሪያው ያለው ሣር የዛገ ብረት ፍቅፋቂ በመሰለ አቧራ ተሸፍኗል። ከእሱ በላይ ሁለት ትንንሽ አሉ። ሦስቱም በአጥሩ በኩል ስለሆኑ ከቤት በኩል አይታዩም።

ግን ቅጠሉ እኮ ይህን ያህል ለምልሟል! አንድም የደረቀ ቅርንጫፍ የለውም። እንጉዳዩን ፍቄ ባስወግደው አይበቃም?

የባዮሎጂ መምህርት (ሰኞ ጠዋት)

አይፍቁት። የሚያዩት እንጉዳይ ፍሬው ነው። ፈንገሱ ራሱ ግንዱ ውስጥ እንደ ክር ተሰራጭቶ እንጨቱን እየበላ ነው። ፍሬውን ቢነቅሉት የሚያጠፉት ምልክቱን ብቻ ነው፤ ነገ መጥቶ የሚመረምረው ባለሙያም የሚከተለውን ፍንጭ ያጣል። ገለጻዎ ጋኖደርማ ከሚባለው ወገን ጋር ይመሳሰላል፤ የግንድን ግርጌና ሥርን የሚያበሰብስ ወገን ነው።

በቅጠሉ አይታለሉ። ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው ከቅርፊቱ ቀጥሎ ባለው በውጭኛው የእንጨት ንብርብር ነው። መሐሉ ያለው ልበ እንጨት ውሃ ማመላለሱን አቁሟል፤ የቀረው ሥራ መሸከም ነው። ስለዚህ ልቡ አልቆም ቅጠሉ ሊለመልም ይችላል። እንዲህ ያለው ዛፍ አልተጠማም፣ አልተራበም፤ የጎደለው አቅሙ ነው። ለምለም ቅጠል ዛፉ በሕይወት መኖሩን ይነግረናል፤ ቆሞ መክረሙን ግን አይነግረንም። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እደጋግመዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ዛፍ የሚያየው ቀና ብሎ ነው። እኔ ጎንበስ ብላችሁ እዩ እላለሁ።

ሌላም አለ። ዛፍ እንደ እኛ ቁስሉ አይሽርም። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ዛፍ የተጎዳውን ክፍል ከልሎ በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል እንጂ የበሰበሰውን መልሶ አያድስም። ስለዚህ አሁን ያለው ብስባሴ ከእንግዲህ አይቀንስም። ዛፉ በውጭ የሚጨምረው እንጨት ከውስጥ የሚበላውን ይቀድመዋል ወይ? መመርመር ያለበት ይህ ነው።

ባለመጋዙ (ሰኞ ምሽት)

እህቴ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ወንድሜ፣ አራት ነገር ይንገሩኝ። በደረት ቁመት ላይ የግንዱ ዙሪያ ስንት ነው? የዛፉ ቁመትስ በግምት? በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ አድርገው ሲያንኳኩት ድምፁ እንዴት ነው? በመጨረሻም፣ ባለፉት ዓመታት በአቅራቢያው የተቆፈረ ነገር አለ?

የጓሮ ጥላ (ማክሰኞ ጠዋት)

ዙሪያው 2 ሜትር ከ40 ነው። ቁመቱ ወደ 16 ሜትር ይጠጋል። በቤቱ በኩል ስመታው አጭርና ድፍን ድምፅ አለው። ወደ አጥሩ እየዞርኩ ስመጣ ግን እየተለወጠ ሄዶ እንጉዳዮቹ አጠገብ ሲደርስ ከበሮ የተመታ ያህል ነው። በሁለት ሥሮች መካከል ጠባብ ቀዳዳ አገኘሁና ቀጭን የብረት ዘንግ አስገባሁበት፤ ምንም ሳይዘው 22 ሴንቲሜትር ገባ። ሳወጣው ጫፉ ላይ እርጥብ፣ ነጣ ያለና እንደ ጥጥ የሚበጣጠስ እንጨት ይዞ መጣ።

ቁፋሮን በተመለከተ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የፍሳሽ ቱቦ ለመቅበር በአጥሩ በኩል ቦይ አስቆፍሬ ነበር። ከግንዱ 1 ሜትር ከ50 ይርቃል። ቆፋሪዎቹ ብዙ ወፋፍራም ሥር መቁረጣቸውን አስታውሳለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ባለመጋዙ (ማክሰኞ ማታ)

አሁን ግልጽ ሆነልኝ። ሥራዬን ለቀቅ አድርጌ የተቀመጥኩት ይህን በደንብ ለመጻፍ ነው።

የዙሪያው 2.40 ሜትር ሲካፈል ለ3.14 የግንዱ ውፍረት 76 ሴንቲሜትር ይሆናል። በሙያችን የምንጠቀምበት አንድ መለኪያ አለ፤ ከግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ ርቀት ድረስ ያለው መሬት የሥሩ ክልል ነው ተብሎ ከቁፋሮ ይጠበቃል። ለእርስዎ ዛፍ ይህ 9 ሜትር ገደማ ነው። ቦዩ ያለፈው ከውፍረቱ ሁለት እጥፍ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ ዛፉን መሬት ላይ የያዙትን ዋና ዋና ሥሮች ቆርጧል ማለት ነው። ብዙ ሰው ዛፍ በቁመቱ ልክ ወደ ታች ሥር የሰደደ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥር ግን ከላይኛው 60 ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ለዛፉ እንደ መጋዝ ነው።

የተቆረጠበት ጎንም ወሳኝ ነው። ነፋስ ከአጥሩ ወደ ቤቱ ሲገፋው ዛፉን ወደ ኋላ ጎትተው የሚይዙት በአጥሩ በኩል ያሉት ሥሮች ናቸው፤ ልክ እንደ ድንኳን ገመድ። ቦዩ የበጠሰው እነዚያን ነው። እንጉዳዩም የወጣው በዚያው ጎን ነው፤ ምናልባትም ፈንገሱ የገባው በተቆረጡት ሥሮች ቁስል ይሆናል፤ ይህ ግን አሁን ለውጥ አያመጣም። ዛፉ ቢወድቅ የሚወድቀው ወደ መኝታ ቤታችሁ ነው። ቁመቱ 16፣ ርቀቱ 5።

በዚያ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ። ወደ ሌላ ክፍል መዛወር የዛሬ ሥራ ነው። የዛፍ አደጋ ምርመራ የሚያውቅ ሰው ጠርተው በመሣሪያ ያስመርምሩት። ግንዱ ዙሪያ ዳሳሾችን ተክሎ በድምፅ ሞገድ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ በቀጭን መርፌ የእንጨቱን ጥንካሬ የሚለካም አለ። እርስዎ ራስዎ ግን ግንዱን በመሰርሰሪያ አይብሱት፤ ዛፉ ራሱን የከለለበትን ግድግዳ ሰብረው ለብስባሴው መንገድ ይከፍቱለታል።

መሐንዲሱ (ረቡዕ ጠዋት)

ውስጡ ባዶ የሆነ ሁሉ ይወድቃል ማለት እንዳይደለ ልጨምር። በክብ ዘንግ ላይ ጫፍ ጫፉ እንጂ መሐሉ ብዙ አይሸከምም። የግንዱ ዙሪያ የሬዲየሱን 30 በመቶ ያህል ጤነኛ እንጨት ከያዘ፣ ማለትም ባዶው የውፍረቱን 70 በመቶ ቢወስድ፣ ከመታጠፍ የመቋቋም አቅሙ 76 በመቶ ይቀራል። 0.7 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.24 ነውና። በዚህ ዛፍ ላይ 30 በመቶው 11 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ባዶው መሐል ለመሐል ሲሆንና ግድግዳው ዙሪያውን ሳይከፈት ሲቀር ብቻ ነው። እዚህ ብስባሴው ወደ አንድ ጎን ያደላ ነው፤ ዘንጉ 22 ሴንቲሜትር ገብቷል፤ ሥሩም ተቆርጧል። ስሌቱን ይዞ መከራከር አይቻልም።

ፀሐይ ወዳድ (ረቡዕ ጠዋት)

ታዲያ ልክ ነበርኩ ማለት ነው፤ ይቆረጥ። ጽዱስ ለምን ይተርፋል?

ባለመጋዙ (ረቡዕ ከሰዓት በኋላ)

አደጋ የምንለው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው፤ ሊሰበር የሚችል ዛፍ፣ ሲሰበር ከሥሩ የሚገኝ ሰው ወይም ንብረት፣ ጉዳቱም የሚከብድ ሲሆን። ማንም በማይደርስበት ጥግ የቆመ ፍጹም የበሰበሰ ግንድ የንብ፣ የወፍና የጥንዚዛ ቤት ነው፤ ለምን እነካዋለሁ? አንዳንድ ጊዜ አግዳሚ ወንበሩን ወይም የመኪና ማቆሚያውን አንሥቶ ሌላ ቦታ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ጽዱ ግን ከሥሩ ሰው ቢኖርም፣ ሊሰበር እንደሆነ የሚያሳይ ነገር እስከ አሁን አልታየበትም። ሁሉን መቁረጥ ፍርሃትን እንጂ አደጋን አይለካም።

ያየሁትን አልረሳም (ረቡዕ ማታ)

ሰው ሁሉ የሚፈራው ማዕበልን ነው። እኔ ቤት ቅርንጫፍ የወደቀው ቅጠል በማይነቃነቅበት ጸጥ ያለ ሞቃት ከሰዓት ላይ ነበር። ግዙፍ ባሕር ዛፍ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠመንጃ የተተኮሰ መሰለኝ፤ ከዚያ ጣሪያው። የተሰበረውን ሳየው ምንም ብስባሴ የለውም፤ እንጨቱ ንጹሕ ነበር። እናቴ እዚያ ቦታ ላይ ወንበር አውጥታ የምትቀመጥበት ሰዓት ነበር፤ ዕድል ሆኖ ውሃ ልትጠጣ ገብታ ነበር። እባካችሁ ከትልልቅ አግዳሚ ቅርንጫፎች ሥር የዘወትር መቀመጫ አታድርጉ።

የባዮሎጂ መምህርት (ረቡዕ ማታ)

እናትዎ እንኳን ተረፉ። በሙቀትና በጸጥታ ቅርንጫፍ መጣል በባሕር ዛፍ፣ በሾላ ወገኖችና በሌሎችም የታወቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁትም ወደ ጎን ርቀው የተዘረጉት ረጃጅም ቅርንጫፎች ናቸው።

አዲስ ገቢ (ሐሙስ ጠዋት)

ይቅርታ፣ የእኔም ተመሳሳይ ነው። ግንዱ ከመሬት 2 ሜትር ላይ ለሁለት ተከፍሎ ባላ ሠርቷል፤ ሁለቱም እኩል ወፍራም ናቸው። መገናኛው ላይ ቀዳዳ አለ፣ ውሃ ያቁራል። አንድ ሰው ስሚንቶ ሙላበት፣ አናቱንም አስጨፍጭፈው አለኝ። ልክ ነው?

ባለመጋዙ (ሐሙስ ምሽት)

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ስሚንቶ አይታጠፍም፣ ዛፍ ግን በነፋስ ይወዛወዛል፤ እየተፋጨ ቁስሉን ያሰፋዋል፣ እርጥበትም ያፍናል። ውሃው እንዲወጣ ብለው ግንዱን አይብሱም፤ ባለበት ይተዉት።

አናቱን መጨፍጨፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ዛፉ ምግብ የሚሠራበትን ቅጠል በአንድ ቀን ያጣል፤ ተደናግጦ ከጉቶዎቹ ብዙ ቀጫጭን ቀንበጥ ያወጣል። እነዚያ ቀንበጦች ከእንጨቱ ልብ ሳይሆን ከላይኛው ሽፋን ብቻ ነው የበቀሉት። ጥቂት ዓመት ቆይተው ወፍራም ቅርንጫፍ ሲሆኑ ከሥራቸው ያለው ጉቶ በስብሷል። ከመቆረጡ በፊት ያልነበረ አደጋ ያኔ ይፈጠራል።

ባላውን በሚመለከት፣ መገናኛው ምን ይመስላል? ሰፋ ብሎ በመካከሉ የቅርፊት ሸንተረር ወደ ላይ ከወጣ ጠንካራ ነው። ጠባብ ሆኖ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ በሁለት ጎኑም እንደ ጆሮ ያበጠ ከሆነ ሁለቱ ግንዶች ተደጋግፈው እንጂ ተዋሕደው አልቆሙም። ከባላው ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ካዩ፣ በተለይ በፊትም በኋላም በኩል ከታየ፣ ከሥሩ ይራቁና ባለሙያ ይጥሩ። ስንጥቅ ከሌለ የአንዱን ግንድ ክብደት በመግረዝ መቀነስ ወይም ከላይ በገመድ ማያያዝ ይቻላል፤ ገመዱም በየጊዜው መታየት አለበት።

ቅርንጫፍ ሲቆርጡም በአንድ ጊዜ አይገንጥሉት፤ ቅርፊቱን እስከ ግንዱ ድረስ ልጦ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብለው ከሥር በኩል ጥቂት ይቁረጡ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ፈቀቅ ብለው ከላይ ቆርጠው ክብደቱን ይጣሉት፣ የቀረውን ጉቶ ደግሞ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን ያበጠ አንገት ሳይነኩ፣ ከአንገቱ ውጭ ይጨርሱት። ቀለም መቀባት አያስፈልግም።

የጓሮ ጥላ (ሐሙስ ማታ)

አንድ ዘመድ የሞተር መጋዝ አለኝ፣ መሰላል ይዤ መጥቼ ጃካራንዳውን እኔ ልቁረጥልህ ብሎኛል።

እኅት (ሐሙስ ማታ)

በእግዚአብሔር ይከልክሉት። ወንድሜ መሰላል ላይ ቆሞ በሞተር መጋዝ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ቅርንጫፉ ተወዛውዞ መሰላሉን መታው። ዛሬም ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ ማንሳት አይችልም። ግርጌው የበሰበሰ ዛፍ ደግሞ ሲቆረጥ ቆራጩ ባሰበው በኩል አይሄድም፤ አቅጣጫውን የሚመራው ሳይቆረጥ የሚተወው እንጨት ነው፤ የበሰበሰ እንጨት ግን አይመራም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአቅራቢያው ካለም ማንም ከመንካቱ በፊት ኃይሉን ለሚያቀርበው ድርጅት ይነገር።

የጓሮ ጥላ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ። ባለሙያው መጥቶ ዙሪያውን በድምፅ ሞገድ ለካው። ሥዕሉ ላይ በአጥሩ በኩል ያለው ግድግዳ ከሞላ ጎደል የለም። እንዲወርድ ጻፈልኝ፤ ጽሑፉንና ፎቶዎቹን ከነቀናቸው አስቀምጫለሁ። ከመቆረጡ በፊትም የአካባቢውን ፈቃድ ጠይቄ አገኘሁ። ሠራተኞቹ ዛፉ ላይ መውጣት አስተማማኝ አይደለም ብለው በክንዳማ መኪና ቅርጫት ውስጥ ሆነው ቁራጭ በቁራጭ በገመድ አወረዱት።

ጉቶው ሲቀር ጎንበስ ብዬ አየሁት። በቤቱ በኩል 20 ሴንቲሜትር ያህል ቢጫ፣ ጤነኛ እንጨት ነበር። ወደ አጥሩ ሲዞር 5 ሴንቲሜትር ብቻ፤ መሐሉ ነጭ፣ እርጥብ፣ በጣት የሚጨመቅ ስፖንጅ። የልጆቼ የዥዋዥዌ ገመድ የፋቀው ቅርንጫፍ እዚያው አጠገቡ ተጋድሞ ነበር፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ብዙ ደቂቃ መናገር አቃተኝ። ፎቶ 3ን ቀርቦ ያየልኝ ሰው ባይኖር ኖሮ የተቆረጠው ጽዱ ነበር፤ እኛም ከጃካራንዳው ሥር ተኝተን ነበር። ባለመጋዙ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጽዱን ባለሙያው አይቶታል። ሁለት የደረቁ ቅርንጫፎች ብቻ አወረደ። ሦስት ሌሊት የዘነበው ዝናብ ካበቃ በኋላ ሄጄ ቱምቢውን አየሁ፤ ከችካሉ አናት ላይ ነው። አሁን ልጆቹ ዥዋዥዌውን እዚያ እሰርልን እያሉኝ ነው። ይቻላል?

ባለመጋዙ (በዚያው ምሽት)

ቤተሰብዎ እንኳን ደኅና ሆነ። በጽዱ ላይ አይሰሩት፤ ገመድ ቅርፊቱን እየፋቀ ቁስል ይፈጥራል፣ የልጆች እግርም ሥሩ ላይ ያለውን አፈር ይደፈጥጠዋል። ጃካራንዳው የነበረበት ቦታ ሰፊ ነው። እዚያ የራሱ እግር ያለው የብረት ዥዋዥዌ ይትከሉ፤ እግሮቹን ከአሮጌው ጉቶ አንድ ሁለት ሜትር ያርቋቸው፤ የቀሩት ሥሮች እየበሰበሱ ሲሄዱ መሬቱ ይሰምጣልና።